ቆረቆር በቅባት ብቻ አይድንም

በላንጋኖ ሐይቅ ዳር ሰንብቶ የተመለሰ ልጅ ራሱ ላይ ጠጉሩ የረገፈ፣ ቅርፊት ያለው ክብ ቦታ ሲታይ ጥፋቱን በቡናማው ውሃ ላይ መጣል ይቀናል። ውሃውን ያደፈረሰው ግን ደቃቅ አፈር ነው። ቆረቆር የሚመጣው በፈንገስ ሲሆን፣ ከልጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው ማበጠሪያ፣ ባርኔጣ፣ ፎጣና መላጫ በመዋዋስ ነው።

እናቶች ሊለዩት የሚገባ ቁም ነገር አለ። በገላ ላይ የሚወጣ ጭርት እንደ ክሎትሪማዞል ያለ ቅባት በቀን 2 ጊዜ፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሲቀቡት ይድናል፤ ምልክቱ ጠፋ ብሎ ወዲያው ማቋረጥ ግን ያገረሸዋል። በራስ ላይ ሲሆን ፈንገሱ ጠጉሩ ሥር ስለሚገባ ቅባት አይደርስበትም። ሐኪም በልጁ ክብደት ልክ የሚያዘው፣ እንደ ግሪሲዮፉልቪን ያለ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልጋል። ከወተት ጋር ቢወሰድ ይበልጥ ይሠራል፤ ሕክምናውም 6 ሳምንትና ከዚያም በላይ ይፈጃል።

ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛ እንደ ቤታሜታዞን ያለ ቅባት ማሳከኩን ለጊዜው ቢያስታግሥም ፈንገሱን ያስፋፋል። ቁስሉ አብጦ መግል ከቋጠረ ወደ ጤና ጣቢያ ለመሄድ መዘግየት አይገባም፤ ጠጉሩ ዳግመኛ ላይበቅል ይችላል።

ወንድም እኅቶቹም ይታዩ፤ ለእያንዳንዱ የራሱ ማበጠሪያና ፎጣ ይኑረው። ሕክምና የጀመረ ልጅ ግን ከትምህርት ቤት መቅረት አያስፈልገውም።