በቅርጫት ኳስ ጨዋታ ጥፋት የሚፈረድበት መንገድ

የቅርጫት ኳስ ሜዳ በዓለም አቀፉ ሕግ ርዝመቱ 28 ሜትር፥ ወርዱ 15 ሜትር ነው። በዚህ ስፍራ ለሚሯሯጡት ዐሥር ተጫዋቾች ለእያንዳንዳቸው የሚደርሰው 42 ካሬ ሜትር ብቻ ነው፤ ያውም ሁሉም ወደ አንዱ ቅርጫት ሥር ሲሰበሰቡ ስፍራው እጅግ ይጠባል። እንግዲህ አካል ከአካል ሳይነካካ መጫወት አይቻልም፤ ሕጉ ራሱም ይህን አምኖ ተቀብሏል። ስለዚህ ተመልካቹ «ነክቶታል እኮ!» እያለ ሲጮኽ የሚያቀርበው ማስረጃ ግማሽ ነው። ዳኛው ከዚያ አልፎ ንክኪው ምን እንዳስከተለ መጠየቅ አለበት።

ለምሳሌ አንድ ተጫዋች ኳሱን እያነጠረ ወደ ቅርጫቱ ሲገሠግሥ ተከላካዩ ወገቡን በእጁ ነካው እንበል። አጥቂው ፍጥነቱም ሚዛኑም ሳይጓደል አልፎት ከሄደ፥ ፊሽካ መንፋት የተበደለውን መልሶ መበደል ይሆናል፤ የተከፈተለትን መንገድ የሚዘጋበት ዳኛው ነውና። ያው እጅ ርምጃውን ካሳጠረበት ወይም ከመንገዱ ካስወጣው ግን ጥፋት ነው። በዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን ሕግም ዳኞች የሕጉን መንፈስ፥ ከንክኪው የተገኘውን ጥቅም ወይም የደረሰውን ጉዳት፥ እንዲሁም ጨዋታውን በመቈጣጠርና ሳያቋርጡ በማስኬድ መካከል ያለውን ሚዛን እንዲያመዛዝኑ ታዘዋል።

ይሁን እንጂ ሁሉ ነገር ለዳኛው ግምት የተተወ አይደለም። ተከላካይና አጥቂ ፊት ለፊት ሲላተሙ ጥፋተኛው የሚለየው በቦታ ነው። ተከላካዩ ፊቱን ወደ ባላጋራው መልሶ ሁለት እግሮቹን ቀድሞ ከተከለ ቦታው የርሱ ነው፤ ከራሱ በላይ ያለውም አየር እንደዚሁ የርሱ ስለ ሆነ፥ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ቢዘል አይከሰስም። በእኛ አስተያየት እዚህ ላይ ማየትና መመዘን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ማስተዋል ያስፈልጋል። «እግሩን ቀድሞ ተክሏልን?» ለሚለው ጥያቄ የተቀረጸ ፊልም መልስ ይሰጣል፤ «ንክኪው ጎድቶታልን?» ለሚለው ግን ፊልሙ መቶ ጊዜ ቢታይም የሚመዝነው ሰው ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ጄምስ ኔይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1891 በስፕሪንግፊልድ፥ ማሳቹሴትስ ጨዋታውን ሲጀምሩ ካወጧቸው 13 ሕጎች አንዱ፥ ባላጋራውን ለመጕዳት ማሰቡ በግልጽ የታየበት ተጫዋች እስከ ጨዋታው ፍጻሜ ተሰናብቶ እንዲቈይ ያዛል። ሐሳብን ከሰውነት እንቅስቃሴ ላይ አንብብ ማለት ነው፤ ከባድ ትእዛዝ!

የሚያሠጋውስ ሚዛኑ ለሁሉም አንድ ሳይሆን ሲቀር ነው። በዓለም አቀፉ ሕግ 5 ጥፋት የተቈጠረበት ተጫዋች ከጨዋታው ይወጣልና፥ በመጀመሪያው ሩብ ያለ አግባብ የተቈጠሩ ሁለት ጥፋቶች በመጨረሻው ሩብ ዋጋ ያስከፍላሉ። ጆሴፍ ፕራይስና ጀስቲን ዎልፈርስ የተባሉ የኢኮኖሚ ሊቃውንት የአሜሪካን የኤን ቢ ኤ ጨዋታዎች መርምረው እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት፥ ዳኞቹ ከተጫዋቹ ዘር የተለዩ ሲሆኑ በተጫዋቹ ላይ የሚቈጠረው ጥፋት በመጠኑ ከፍ እንደሚል አሳይተዋል። የጥናቱ ወሬ ገና በ2007 በጋዜጦች ተሰምቶ ነበር። ሁለቱ ከዴቪን ፖፕ ጋር ሆነው በ2018 ባሳተሙት ሌላ ጥናት ደግሞ፥ ወሬው ከተሰማ በኋላ በተደረጉት ጨዋታዎች ያ አድልዎ ሊገኝ እንዳልቻለ ገልጸዋል።