ፔስሜከር ላለበት ሰው የአንገትና የትከሻ ሕመም፦ የትኛው ፊዚዮቴራፒ ይሆናል? የትኛውስ አይሆንም?



በቅርቡ አንዲት እናት በልጃቸው ተደግፈው ወደ እኔ መጡ። ፔስሜከር (የልብ ምት ማስተካከያ) ከተደረገላቸው ሰባት ወር ሆኗቸዋል። ከዚያ ወዲህ ግራ ትከሻቸውና ማጅራታቸው እያመማቸው ነጠላ ማጣፋት እንኳ አቅቷቸዋል። ውጭ ያለው ወንድ ልጃቸው አዝኖ ቆዳ ላይ እየተለጠፈ በኤሌክትሪክ ንዝረት የሚሰጥ ትንሽ የማሳጅ ማሽን ላከላቸው። ትከሻቸው ላይ ለጥፈው ሲያበሩት ዓይናቸው ጭልም አለባቸው፤ ሊወድቁ ሲሉ ልጃቸው ደርሳ ነቀለችላቸው። ወዲያው ተሻላቸው።

"ዶክተር፣ ጥፋቱ የማሽኑ ነው ወይስ የልቤ?" አሉኝ።
"ማሽኑና ፔስሜከርዎ አልተግባቡም" አልኳቸው።

👉 ምን ተፈጥሮ ነው?

ፔስሜከር ብዙ ጊዜ በግራ በኩል ከደረት ከፍ ብሎ ከቆዳ ሥር ይቀመጣል። ቀጭን ሽቦው በደም ሥር ውስጥ አልፎ ልብ ጋ ይደርሳል። ልብ ሲዘገይ ይቀሰቅሰዋል፤ ልብ በራሱ ሲመታ ደግሞ ሰምቶ ዝም ይላል። ስለዚህ ከውጭ የመጣን የኤሌክትሪክ ንዝረት "ይሄ የልብ ምት ነው" ብሎ ከተሳሳተ ዝም ማለት በማይገባው ሰዓት ዝም ይላል። ያኔ ሰውየው ራሱን ሊስት ይችላል።

❌ የማይሆኑት

• ቴንስ እና ሌሎች በኤሌክትሪክ ንዝረት የሚሰጡ ሕክምናዎች፦ አንገት፣ ትከሻና ደረት አካባቢ አይደረጉም። ለጉልበት ወይም ለወገብ ቢታዘዙም ያለ ልብ ሐኪምዎ ፈቃድ እንዳይሞክሩ።
• ዳያተርሚ (በሞገድ ጥልቅ ሙቀት የሚሰጥ ማሽን)፦ የትኛውም የሰውነት ክፍል ላይ አይደረግም። ሽቦውን አሙቆ የልብን ሥጋ ሊጎዳ፣ መሣሪያውንም ሊያበላሽ ይችላል።
• ማግኔት ያለው የአንገት መደገፊያ፣ ትራስ፣ የማግኔት ቴራፒ፦ ማግኔት ሲጠጋው ፔስሜከሩ ማዳመጡን ትቶ በቋሚ ፍጥነት ሊመታ ይችላል።
• የፊዚዮቴራፒ አልትራሳውንድ፦ በመሣሪያው ላይና አጠገቡ አይደረግም። ለምርመራ የሚነሱት አልትራሳውንድ ግን ሌላ ነው፤ አይፍሩት።

✅ የሚሆኑት

• እንቅስቃሴ፦ ዋናው መድኃኒት ይሄ ነው። አንገትን ቀስ ብሎ ግራና ቀኝ ማዞር፣ ሁለቱን ትከሻ ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ መልቀቅ፣ ግድግዳ ፊት ቆሞ በጣት እየዳኹ እጅን ወደ ላይ ማውጣት። እያንዳንዱን 10 ጊዜ፣ በቀን ሁለት ሦስቴ። ሕመሙ ከባሰ ያቁሙ።
• በእጅ የሚደረግ ማሳጅ፦ ማጅራትና ጀርባ ላይ ይቻላል። መሣሪያው ያለበት ቦታ ግን አይታሽም፣ አይጫንም። እባክዎ ለወጌሻ አይስጡት! በተለይ ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ ጠንካራ መታሸት ውስጥ ለውስጥ ያደማል።
• ሙቅ ፎጣ፦ ማጅራት ላይ ለ15 ደቂቃ ያህል። ቆዳ የሚያቃጥል አይሁን፣ መሣሪያው ላይም አይደረግ።
• ስልክ፦ አቀርቅረን የምናየው ስልክ ራሱ አንገት ያሳምማል፤ ወደ ዓይንዎ ከፍ አድርገው ይያዙት። ከፔስሜከሩ ቢያንስ 15 ሳንቲሜትር ይራቅ፣ የደረት ኪስ ውስጥ አይግባ፣ ሲያወሩም በተቃራኒው ጆሮ ይሁን።

👉 የእኚያ እናት ትከሻ ግን ለምን ታመመ?

ፔስሜከር እንደገባ ሽቦው ቦታውን እስኪይዝ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት "እጅዎን ከትከሻ በላይ አያንሱ፣ ከባድ አይሸከሙ" ይባላል። እሳቸው ፈርተው ሰባት ወር ሙሉ እጃቸውን ከጎናቸው አላራቁም! ትከሻ ካልተንቀሳቀሰ ይደርቃል። በፊዚዮቴራፒስት እየታገዙ እንቅስቃሴውን ጀመሩ፤ ከሁለት ወር በኋላ ሲመጡ ነጠላቸውን ራሳቸው አጣፍተው ነበር። በሐኪም የተነገረን ክልከላ መጀመሪያውን ብቻ ሳይሆን ማብቂያውንም ጠይቁ።

💊 ስለ ማስታገሻ፦ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን በራስዎ ገዝተው አይውሰዱ። የልብ ድካም ላለበት ወይም ደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው አደገኛ ናቸው። በአብዛኛው ፓራሲታሞል ይሻላል፤ እሱንም በልኩ።

⚠️ እነዚህ ካሉ ፊዚዮቴራፒ ሳይሆን በፍጥነት ሆስፒታል፦

• ከትከሻና አንገት ሕመም ጋር ደረት መጨነቅ፣ ላብ፣ የትንፋሽ ማጠር
• ራስን መሳት ወይም ዓይን መጨለም
• መሣሪያው ያለበት ቦታ መቅላት፣ ማበጥ፣ ፈሳሽ ማውጣት፣ ትኩሳት
• በመሣሪያው በኩል ያለው ክንድ ማበጥ

በመጨረሻ፦ ፊዚዮቴራፒ ቤት ሲገቡ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚናገሩት "ፔስሜከር አለብኝ" የሚለውን ይሁን። የመሣሪያውን ካርድ ሁሌም ይያዙ። ውጭ ያላችሁ ልጆችም፣ ለእናት ለአባት ማሽን ከመላካችሁ በፊት ለሐኪማቸው አንድ ስልክ ደውሉ።

ፔስሜከር ላለበት ዘመድዎ ሼር ያድርጉለት። ጤና ይብዛልን! 🙏