የዋሽንት ትንፋሽ በየትኛው ዲስክ ይሰማል?

ዳይናሚክ ሬንጅ አንድ ቅጂ ሊይዘው በሚችለው እጅግ ደካማና እጅግ ብርቱ ድምፅ መካከል ያለው ርቀት ነው፤ የሚለካው በዴሲቤል ነው። ርብና ጉማራ ወደ ጣና በሚወርዱበት የፎገራ ሜዳ እረኛው ዋሽንቱን ሲነፋ ከዜማው ቀድሞ ሸምበቆው አፍ ላይ ሽው የሚል ትንፋሽ ይሰማል። ከዚያ ድምፁ ይጠነክርና ከብቶቹን አልፎ ማዶ ይሻገራል። ትንፋሹንም ጥሪውንም ሳያዛባ የያዘ ቅጂ ሬንጁ ሰፊ ነው ይባላል።

ጥሩ ሸክላ 70 ዴሲቤል ገደማ ይይዛል። ከባሕር ዳር በወረታ በኩል ጎንደር የሚመላለሱ አውቶቡሶች ለዓመታት ያጫወቱት ካሴት ግን ከ50 እስከ 60 ቢደርስ ነው፤ በዚያ ላይ ከቅጂ የተቀዳ ከሆነ የዋሽንቱ ትንፋሽ ቴፑ ራሱ በሚያሰማው «ሽ» ይዋጣል።

እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ የቀረበው ሲዲ ድምፁን የሚመዘግበው በ16 ቢት፣ ማለትም በ16 የ0 ወይም የ1 አሃዞች ነው። እያንዳንዱ ቢት 6 ዴሲቤል ያህል ስለሚጨምር ድምሩ 96 ይሆናል። በ1999 የመጣው ሱፐር ኦዲዮ ሲዲ መንገዱ ሌላ ነው፦ አንድ ቢት ብቻ፣ ነገር ግን በሰከንድ 2.8 ሚሊዮን ጊዜ ይመዘግባል፤ ጆሮ በሚሰማው ክልል 120 ዴሲቤል ገደማ ይደርሳል። ተፎካካሪው ዲቪዲ ኦዲዮ በ24 ቢቱ 144 ይላል፤ ይህ ግን የወረቀት ቁጥር ነው። የማጫወቻው ኤሌክትሮኒክስ የራሱ ድምፅ ስላለው እዚያ አያደርስም።

ልዩነቱ ይሰማል? አሜሪካውያኑ ብራድ ሜየርና ዴቪድ ሞራን በ2007 ባሳተሙት ጥናት የሱፐር ኦዲዮ ሲዲንና የዲቪዲ ኦዲዮን ድምፅ እንዳለና ወደ ሲዲ ደረጃ አውርደው እያፈራረቁ አሰሙ። ከ554 ሙከራ በትክክል የተለየው 276ቱ ነው፤ ዘውድና ጎፈር ብሎ ሳንቲም ከመጣል አይሻልም። ልዩነቱ የታወቀው ጸጥ ባለ ክፍል፣ ያውም ድምፁ ከልክ በላይ ሲከፈት ነው።

ሬንጁን የሚያጠብበው አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩ ሳይሆን ስቱዲዮው ነው። ዘፈኑ ከሌላው በልጦ እንዲጮኽ ሲባል ማስተሪንግ ላይ ደካማው ድምፅ ወደ ብርቱው እንዲጠጋ ይደረጋል። እንዲህ የተጨመቀ ሥራ በየትኛውም ዲስክ ላይ ቢገለበጥ ያው ነው። በአንጻሩ ኢትዮፒክስ የተባለው የአልበም ተከታታይ 11ኛ ቅጽ የሆነው የዓለሙ አጋ የበገና ሥራ የወጣው በተራ ሲዲ ነው፤ የእንዝራው (አውታሩን የሚያነዝረው ቁራጭ ቆዳ) ንዝረት ግን ጥርት ብሎ ይሰማል።

24 ቢት የሚያስፈልገው ቀረጻ ላይ ነው። በፎገራ ሜዳ ዋሽንት ሊቀዳ የወጣ ሰው መቅጃውን 24 ቢት ላይ አድርጎ መጠኑን ዝቅ ይበል፤ ነፊው ሳይታሰብ ቢያጠነክር ድምፁ አይሰነጠቅበትም። ለአድማጭ ሲያደርስ 16 ቢት ይበቃዋል።