ኮሶና የወባ ክኒን

ኮሶ የሚጠጣው በማለዳ፥ እህል ሳይቀመስ ነው፤ ሥራው በአንጀት ካለው ትል ጋር እንጂ ከደም ጋር አይደለምና ባዶ ሆድ ይስማማዋል። ይህን ልማድ ለመድኃኒት ሁሉ ሕግ ማድረግ ግን አደጋ አለው።

ቦሌ ከፍታው ከ2,300 ሜትር በላይ ስለ ሆነ፥ ወባን ይዞ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ የቆላ መንገደኛ ነው። ኢትዮጵያ በ1996 ዓ.ም. ለፋልሲፓረም ወባ የመረጠችው ክኒን አርቴሜተርና ሉሜፋንትሪን አለበት። ሉሜፋንትሪን በውሃ አይሟሟም፤ ቅባት ይሻል። ቅባት ከበዛበት ምግብ ጋር ሲዋጥ፥ ወደ ደም የሚገባው መጠን በባዶ ሆድ ከተዋጠው እስከ 16 እጥፍ ይደርሳል። ከወተትና ከቅቤ የተከለከለ ጾመኛ ቢሆንስ? የኑግ ዘይትም ቅባት ነውና፥ ዘይት የገባበት ሽሮ ይረዳዋል። እንደ ኮሶ በባዶ ሆድ የዋጠው ግን ትኩሳቱ ቶሎ ቢበርድለትም፥ ተሕዋሲው ከደሙ ፈጽሞ ሳይጠፋ ቀርቶ ሊያገረሽበት ይችላል።