ብርድ የማያስቆመው ኬሚስትሪ

በክረምት ሊጥ ቶሎ እንደማይቦካ ባለሙያ ሁሉ ያውቀዋል። ቅዝቃዜ ኬሚስትሪን ያዘገያል፤ የቅንጣቶች ሩጫ ሲቀንስ ግጭታቸው ይሳሳል፣ ቢጋጩም ለመዋሐድ የሚበቃ ጉልበት ያጣሉ። ነገሩ እንዲህ ብቻ ቢሆን፣ ከፍጹም ዜሮ (ከ-273.15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ) በዲግሪ ሚሊዮንኛ ያህል ብቻ ከፍ በሚል ሙቀት ምንም ለውጥ ሊኖር አይገባም ነበር። ግን አለ። ይህን ለማየት የሚያስችለው መሣሪያ የአዮንና የአቶም ጥምር ወጥመድ ነው።

አዮን ማለት ኤሌክትሮን የጎደለው ወይም የተረፈው፣ በዚህም ምክንያት ኤሌክትሪካዊ ሙል ያለው አቶም ነው። ሙል የሌለው አቶም ሲቀርበው የአቶሙን ኤሌክትሮኖች በጥቂቱ ወደ አንድ ወገን ያዛባቸዋል፤ አቶሙም በዚያው ወደ አዮኑ ይሳባል። ይህ ስበት ሁለት አቶሞች እርስ በርሳቸው ካላቸው ስበት እጅግ ይርቃል። አቶሙ በዝግታ በተጓዘ ቁጥር ስበቱ ከሩቅ ሊይዘው ጊዜ ያገኛል። ፍጥነቱ የነሳውን፣ የመያዣው ስፋት ይመልሳል። ፈረንሳዊው ፖል ላንዥቫን እ.ኤ.አ. በ1905 ባወጣው ስሌት መሠረት፣ እንዲህ ያሉ ግጭቶች የሚከሰቱበት ፍጥነት በሙቀት መጠን ላይ አይመሠረትም።

ችግሩ ሁለቱን በአንድ ቦታ ማኖር ነው። አዮኑን የሚይዘው ጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ፓውል የፈጠረውና እ.ኤ.አ. በ1989 የኖቤል ሽልማት ካሸለሙት ሥራዎቹ ዋናው የሆነው ወጥመድ ነው። የማይለዋወጥ ኤሌክትሪክ መስክ ብቻውን አዮንን አንቆ መያዝ ስለማይችል፣ መስኩ አቅጣጫውን በሰከንድ ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይቀያይራል። አቶሞቹን ደግሞ ሌዘርና መግነጢሳዊ መስክ አቀዝቅዘው ይሰበስቧቸዋል። ሁለቱም አየሩ በተመጠጠለት አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2009 የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች የይተርቢየም አዮኖችንና አቶሞችን በዚህ መንገድ አገናኙ። በዓመቱ የካምብሪጅና የኡልም ቡድኖች አንድ ነጠላ አዮን እጅግ ቀዝቃዛ በሆነ የሩቢዲየም ደመና ውስጥ አስገቡ።

አንድ አዮን ብቻ ሲያዝ ምን እንደደረሰበት ማወቅ ይቻላል። በሌዘር ሲመታ ያበራል፤ ካሜራም እንደ ነጥብ ያየዋል። ከአቶሙ ኤሌክትሮን ከተቀበለ ወይም ከአቶሙ ጋር ተጣምሮ ሞለኪውል ከሆነ ግን ለዚያ ሌዘር ምላሽ መስጠቱን ያቆማል፤ ብርሃኑ ይጠፋል። አዲሱ አዮን በወጥመዱ ከቀረ፣ ክብደቱ ተለክቶ ማንነቱ ይታወቃል። የባዝል ተመራማሪዎች ካልሲየምና ሩቢዲየም ተጣምረው የተፈጠረውን የሞለኪውል አዮን ያገኙት እንዲህ ነበር። በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. በ2017 ኦክስጅንን በባሪየምና በካልሲየም መካከል ያስገባ ሞለኪውል ተሠርቷል።

የመሣሪያው ትልቅ ጠላት ራሱ ወጥመዱ ነው። የሚቀያየረው መስክ አዮኑን ያለማቋረጥ ያንዘፈዝፈዋል፤ አቶም በመጣ ቁጥር ግጭቱ ከዚያ መንዘፍዘፍ ጉልበት እየቀዳ አዮኑን ያሞቀዋል። መፍትሔው የክብደት ልዩነት ሆነ፤ አቶሙ ከአዮኑ በጣም ሲቀል ይህ ማሞቅ ይዳከማል። የአምስተርዳም ቡድን እ.ኤ.አ. በ2020 ከሊቲየም አቶም ወደ 28 ጊዜ ገደማ የሚከብደውን የይተርቢየም አዮን በሊቲየም ደመና አቀዝቅዞ፣ ግጭቱ በኳንተም ሕግ የሚመራበት ደረጃ አደረሰው። ሌሎች ደግሞ አዮኑን ከሚያንዘፈዝፈው መስክ አውጥተው በብርሃን ብቻ መያዝን መርጠዋል።

ሳይንሱ ከቤተ ሙከራ ውጭም ትርጉም አለው። በከዋክብት መካከል ያሉ ጥቅጥቅ ደመናዎች ሙቀት ከፍጹም ዜሮ በላይ 10 ዲግሪ ያህል ነው። እዚያ ሞለኪውሎች የሚወለዱት በአብዛኛው አዮኖች በሚጀምሩት ለውጥ ነው፤ ስበቱም እዚሁ ወጥመድ ውስጥ የሚለካው ዓይነት ነው።

የጠፈሩን ደመና ግን ማንም አያዘውም፤ የቤተ ሙከራው ይታዘዛል። እ.ኤ.አ. በ2021 የፍራይቡርግ ተመራማሪዎች መግነጢሳዊ መስኩን በመለዋወጥ ብቻ በባሪየም አዮንና በሊቲየም አቶሞች መካከል ያለውን መስተጋብር ማጠንከርና ማላላት እንደሚቻል አሳዩ። ኬሚስቱ ለውጡን በእሳት ከመቀስቀስ አልፎ በመስክ ወደ መምራት የተሸጋገረው በዚህ ነው።