ከአስኮ ቡራዩ፣ ሁለት ሕግ

ከአስኮ የተነሳ ታክሲ ቡራዩ ሲገባ ተሳፋሪው ወሰን መሻገሩን የሚያውቅበት ነገር የለም፤ ሱቁም አቧራውም ያው ነው። ከሰኔ 1992 ዓ.ም. በኋላ ግን ይህች አጭር መንገድ ለባለትዳር ሴት ሁለት ሕግ ነበራት። አዲስ አበባ ውስጥ፣ አስኮ ብትኖር ከባሏ እኩል የቤቱ አስተዳዳሪ ነበረች። በኦሮሚያ ሥር ባሉት ቡራዩ፣ ሰበታ ወይም ሱሉልታ ብትኖር ግን ሕገ መንግሥቱ እኩል ናችሁ ካለ ዓመታት ቢያልፉም የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባሏን የቤተሰብ አለቃ ያደርገው ነበር።

ይህን ልዩነት ያመጣውን አዲሱን የቤተሰብ ሕግ ያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። እንቅልፍ የነሱት ግን ሴቶች ናቸው፤ ከፊት ከቆሙት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1995 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነበር። ጠበቃ መግዛት ለማትችል ሴት በነፃ ይቆማል። ስሙን ያስጠራው አንዲት የ14 ዓመት የአርሲ ተማሪ ጠላፊዋን በጥይት ገድላ ስትከሰስ ጠበቃ የቆመላት ጊዜ ነው፤ ፍርድ ቤቱ ራሷን ስትከላከል ነው ብሎ አሰናበታት። ታሪኩ በኋላ «ድፍረት» የተባለ ፊልም ሆነ። በዚያን ጊዜው የወንጀል ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያመልጥ ነበር። ከጠለፋ በኋላ ሽማግሌ በጥድፊያ ይላክ የነበረው ያለምክንያት አልነበረም! ይህ ማምለጫ የተዘጋው በ1997 ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው።

የቤተሰብ ሕጉ የሴቷን የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 አነሳ፤ ፍቺንም ከቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች እጅ ወስዶ ለፍርድ ቤት ሰጠ። ለእኔ ትልቁ ይህ ሁለተኛው ነው፤ ሽማግሌዎቹ ብዙውን ጊዜ ወንዶች ነበሩና። የቤተሰብ ሕግ ግን የክልሎች ሥልጣን ስለሆነ ይህ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ አላለፈም። የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት፣ ጨፌ ኦሮሚያ፣ የራሱን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 69ን፣ ያወጣው በ1995 ነው።

ማኅበሩም ወጀብ አይቷል። በ2001 የወጣው የበጎ አድራጎት አዋጅ በመብት ጉዳይ የሚሠራ ማኅበር ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ እንዳያገኝ ሲከለክል አቅሙ ክፉኛ ተዳከመ። አዋጁ የተሻረው በ2011 ነው፤ በዚያው ዓመት የማኅበሩ የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበሩት መዓዛ አሸናፊ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ።

ወደ መንገዳችን ስንመለስ፣ ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ በ2015 ወደ ሸገር ከተማ ተጠቃለዋል። ሸገርም በኦሮሚያ ሥር ስለሆነ ለፍቺ የመጣችን ሴት ጠበቃዋ ዛሬም አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «የት ነው የምትኖሪው?» ብሎ ነው።