ጎማ የተዋሐደው ፖሊስታይሪን፤ ጥንካሬውና ጠላቶቹ

በምሥራቅ ሱዳን በገዳሪፍ ግዛት ያለችው መፋዛና ከድንበሩ ወዲህ ያለው የመተማ ቆላ፥ ሰሊጥና ማሽላ የሚያበቅሉ፥ በጥቁር መሬታቸው የታወቁ አገሮች ናቸው። በነዚህ አገሮች የሚኖር ገበሬና ነጋዴ ቀድሞ ከቅል፥ ከሸክላና ከቆዳ ይሠራው ከነበረው ዕቃ ብዙው ዛሬ በፕላስቲክ ተተክቷል። ነገር ግን ፕላስቲክ ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ዓይነቱ ብዙ፥ ጠባዩም ልዩ ልዩ ነው። አንዱ ዘይት ሲችል ሌላው በዘይት ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከነዚህ መካከል አንዱን፥ ማለት ጎማ የተዋሐደውን ፖሊስታይሪን፥ ለአንባቢዎቻችን ለማስረዳት እንሞክራለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመቶች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የፖሊስታይሪን ታሪክ የሚጀምረው ከዛፍ ሙጫ ነው። በ1839 ዓ.ም. በበርሊን ከተማ ኤድዋርድ ሲሞን የተባለ መድኃኒት ቀማሚ፥ ስቶራክስ ከሚባለው ሙጫ አንድ ፈሳሽ አንጥሮ አወጣ፤ ይህም ፈሳሽ ሲቆይ እየረጋ እንደሚሄድ ተመለከተ። ፈሳሹ ስታይሪን ሲባል፥ ከረጋ በኋላ ፖሊስታይሪን ይባላል። ዛሬ ስታይሪን የሚገኘው ከሙጫ ሳይሆን ከነዳጅ ዘይት ነው። በፋብሪካ በብዛት መሠራት የጀመረውም ከ1930 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በጀርመን አገር ነበር።

ንጹሕ ፖሊስታይሪን እንደ መስተዋት የጠራና ጠንካራ ነው፤ ዳሩ ግን እንደ መስተዋት ተሰባሪም ነው። ቢወድቅ ወይም ቢመታ፥ አንድ ስንጥቅ ከተነሣበት ሳይቆም እስከ ዳር ይሮጣል። ይህን ጕድለት ለማረም ጎማ የመጨመር አሳብ የመጣው ቀደም ብሎ ነው፤ በሩሲያ ተወልዶ በአሜሪካ ይሠራ የነበረው ኢቫን ኦስትሮሚስሌንስኪ በ1927 ዓ.ም. የፈጠራ መብት ተሰጥቶበታል። በሰፊው ለገበያ የዋለው ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው።

አሠራሩን ለመረዳት የጭቃ ቤት የሠራ ሰው አይቸገርም። ጭድ ያልገባበት ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ጭድ ገብቶበት በደንብ የተቦካ ግን ስንጥቁን ጭዱ ስለሚይዘው ይጸናል። ጎማውም እንዲሁ ነው። ጎማው በፈሳሹ ስታይሪን ውስጥ ይሟሟል፤ ፈሳሹ እየተማሰለ ሲረጋ ጎማው በጥቃቅን ነጠብጣብ ይለያል፤ ከፖሊስታይሪኑም ጋር ይያያዛል። የነጠብጣቡ ስፋት አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሺህኛ እጅ እስከ ጥቂት ሺህኛ እጅ ነው። ከመቶ እጅ ከ5 እስከ 10 የሚሆን ጎማ ይበቃል። ዕቃው ሲመታ፥ በየነጠብጣቡ ዙሪያ በዓይን የማይታዩ ብዙ ደቃቅ ስንጥቆች ይፈጠሩና የምቱን ኀይል ይከፋፈሉታል፤ ስለዚህ አንድ ትልቅ ስንጥቅ ዕቃውን አይከፍለውም። ዕቃው ሲታጠፍ እጥፋቱ ላይ የሚታየው ንጣት የዚህ ሥራ ምልክት ነው።

ይሁን እንጂ ጥቅም ያለ ዋጋ አይገኝም። ጎማ የገባበት ፖሊስታይሪን ጥራቱን አጥቶ ብርሃን የማያሳልፍ ይሆናል፤ ግትርነቱም ጥቂት ይቀንሳል። በዚህ ሁኔታ የማቀዝቀዣ የውስጥ ግድግዳ፥ የእርጎ ስኒ፥ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሽፋን፥ እንደዚሁም የቲማቲምና የሽንኩርት ችግኝ የሚፈላበት ባለ ብዙ ጕድጓድ ትሪ ይሠራበታል።

አሁን ወደ ጠላቶቹ እንምጣ። የመጀመሪያው ፀሐይ ነው። ጎማው በፀሐይ ብርሃንና በአየር እየደረቀ ስለሚሄድ፥ ዕቃው ይወይባል፤ ቀጥሎም እንደ ንጹሕ ፖሊስታይሪን ተሰባሪ ይሆናል። ከዝናም በፊት ባሉት ወሮች ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚደርስበት ቆላ፥ የችግኝ ትሪ ሥራው ካለቀ በኋላ ታጥቦ በጥላ ሊቀመጥ ይገባዋል። የፈላ ውኃም ሊገባበት አይገባም፤ ወደ 100 ዲግሪ ሲቃረብ ይለሰልሳልና።

ሁለተኛው ቅባት ነው። የሰሊጥ ዘይትና ቅቤ ክብደት ባረፈበት ወይም በታጠፈ ቦታ ላይ ሲቆዩ ዕቃውን ቀስ በቀስ ይሰነጥቁታል። ሰሊጥ የሚያመርት አገር ሰው ዘይቱን ለዚሁ በተሠራ ዕቃ እንጂ በዚህ ዓይነቱ ሊያጠራቅም አይገባውም። የማቀዝቀዣ ግድግዳም ቅባት ሲነካው ወዲያው ሊወለወል ይገባል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከፋው ቤንዚንና መሰሎቹ ናቸው። እነዚህ ፖሊስታይሪንን ያሟሙታል። አንዳንድ የፈሳሽ ጸረ ተባይ መድኃኒቶችም ዛይሊን በሚባል አሟሚ ስለሚቀመሙ፥ በእርጎ ስኒ የሚለካቸው ሰው ስኒው በእጁ ላይ ቀልጦ መርዙ ቆዳውን ሊነካው ይችላል። መድኃኒት ከራሱ ከመስፈሪያው በቀር በሌላ ዕቃ አይለካ።

ዕቃውን ለመለየት ሁለት ቀላል ዘዴዎች አሉ። ፊተኛው ከሥሩ ያለውን ምልክት መመልከት ነው፤ በሦስት ማዕዘን ውስጥ 6 ቍጥር ካለ ፖሊስታይሪን ነው። ሁለተኛው፥ ከተሰበረ ዕቃ ንጹሕ ቍራጭ ወስዶ በውኃ ውስጥ መድፈቅ ነው። ጄሪካን የሚሠራበት ፖሊኤቲሊን ከውኃ ስለሚቀል ይንሳፈፋል፤ ጎማ የተዋሐደው ፖሊስታይሪን ግን ከውኃ በጥቂቱ ስለሚከብድ ይሰምጣል። የሚሰምጡ ሌሎች ፕላስቲኮችም ስላሉ፥ መስመጡ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ የተንሳፈፈው ግን በውስጡ አየር ያለበት አረፋ ካልሆነ በቀር ፖሊስታይሪን አይደለም።

አሮጌው ዕቃ ደግሞ ለማገዶ ማቀጣጠያ አይሁን። ሲቃጠል ጥቀርሻ የበዛበት ጥቁር ጢስ ያወጣል፤ በጎጆ ውስጥ ይህን ጢስ ከሁሉ አብልጠው የሚስቡት እናቶችና ሕፃናት ናቸው።

እንግዲህ ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴና ግዢ የሚፈቅድ ባለሥልጣን ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ዓይነቱንም ይጠይቅ። ገበሬውም ጭድ የገባበትን ጭቃ ከዝናም እንደሚጠብቅ ሁሉ፥ ይህን ፕላስቲክ ከፀሐይ፥ ከዘይትና ከቤንዚን ቢጠብቀው ለብዙ ጊዜ ይገለገልበታል።